ርካሹ ኦል ኢን ዋን ወይስ ውዱ? ባሕር ዳር ሆኖ ለሚገዛ ሰው

ባለፈው ክረምት አንድ ኮምፒውተር በጋቢ ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ አስገባሁ። ከሽምብጥ እስከ ቀበሌ 14 ድረስ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ባለ 22 ኢንች ኦል ኢን ዋን ነው፤ ኮምፒውተሩ እዚያው ስክሪኑ ውስጥ የተገጠመበት። ከገዛሁት ዓመት ከአራት ወሩ። ከዚያ በፊት የነበረው ሌሊት ነጎድጓድ ነበር። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ፣ መጣ። ጠዋት ላይ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ።

ጠጋኙ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፎ በፊቱ ደፋው። የጀርባ ሽፋኑን በአሮጌ የባንክ ካርድ ዙሪያውን እየፈለቀቀ ከፈተው። ከውስጥ መጀመሪያ የወጣው የደረቀ ትንኝ ነው። የሻይ ማንኪያ ይሞላል። የቤቴ መስኮት ወደ ጣና ነው። ሲመሽ ስክሪኑ ሲበራ ትንኙ ብርሃኑን ብሎ ይመጣል፣ ፋኑ ደግሞ ስቦ ያስገባዋል።

“ወንድም ዓለም፣ ስክሪኑ ደህና ነው። የሄደው ቦርዱ ነው” አለኝ።

“እንግዲያው ስክሪኑን ከሌላ ሲፒዩ ጋር ልጠቀምበታ።”

“በየት በኩል ትሰካዋለህ? መግቢያ የለውም እኮ።”

እውነቱን ነው። ጀርባው ላይ ያለችው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ምስል ታወጣለች እንጂ አታስገባም። ቦርዱን ለብቻው አስፈልጌ ዋጋውን ስሰማ የኮምፒውተሩን ግማሽ አልፏል። ደህናውን ስክሪን ይዤ ተመለስኩ። እስካሁን ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል።

ኦል ኢን ዋን ማለት ይኼ ነው። ስክሪኑና ኮምፒውተሩ ተጋብተዋል። አንዱ ሲሞት ሌላውም አብሮ ይቀበራል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰዎች “ርካሹን ልግዛ ወይስ ውዱን?” ብለው ጠይቀውኛል። አንዷ ፔዳ አካባቢ ኮፒ ቤት አላት። አንዱ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። ሦስተኛው ሐይቁ ዳር እንግዳ ማረፊያ የከፈተ ዘመዴ ነው። ለሦስቱም የሰጠሁት መልስ የተለያየ ነው።

ርካሽ የትኛው ነው፣ ውድስ?

ገበያው ውስጥ ሁለት ብቻ ሳይሆን ሦስት ዓይነት ነው ያለው። አብዛኛው ሰው መሃከለኛውን አያየውም።

የመጀመሪያው አዲስ ርካሽ ነው። በካርቶን የታሸገ፣ የኤችፒ፣ የሌኖቮ፣ የኤሰር ወይም የዴል ዝቅተኛ ሞዴል። ውስጡ ሴሌሮን፣ ፔንቲየም፣ አትሎን ወይም ኤን 100 የሚባል ፕሮሰሰር አለ። ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደር) 4 ወይም 8 ጂቢ ነው።

ሁለተኛው ያገለገለ የቢሮ ማሽን ነው። የኤችፒ ኤሊትዋንና ፕሮዋን፣ የዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ የሌኖቮ ቲንክሴንተር ኦል ኢን ዋኖች እዚህ ይገባሉ። ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች ጥቂት ዓመት ተጠቅመው ያወጧቸው ናቸው። ሻጮቻችን “ስላይትሊ ዩዝድ” ይሏቸዋል። አዲስ ሳሉ ውድ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ርካሽ ጋር ይቀራረባሉ።

ሦስተኛው ውዱ ነው። ሌላም ውድ አለ፤ ግን እዚህ ከተማ “ትልቁ” ሲባል ሁሉም የሚያስበው የአፕልን አይማክ ነው። ስለዚህ የማወዳድረው ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ከሚሸጠው ባለ ኤም 4 ቺፕ፣ 24 ኢንች አይማክ ጋር ነው።

የብር ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ማለትም የምንዛሬው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ዛሬ የጻፍኩት በወሩ ያሳፍረኛል። ለማመዛዘን ያህል፣ አይማኩ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ መነሻው 1,299 ዶላር ነበር። አዲሱ ርካሽ እዚያው የዚያ ሲሶ ወይም ግማሽ ገደማ ነው። ባሕር ዳር እስኪደርስ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የመሃል ነጋዴው ትርፍ ይጨመርበታል።

በምን እንመዝናቸው?

ሻጩ ጋ ስትሄዱ የሚነግራችሁ ስለ ፍጥነት ነው። እኔ ፍጥነትን መጨረሻ አደርገዋለሁ። ዛሬ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ማከማቻ ያለው ማንኛውም ማሽን ደብዳቤ ለመጻፍና ኢንተርኔት ለመክፈት ይበቃል።

መብራት። ኦል ኢን ዋን ባትሪ የለውም። ላፕቶፕ የለመደ ሰው ይህን የሚያስታውሰው መብራት ሲሄድ ነው። 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስ ውኃውን የሚወስደው ከእኛው ሐይቅ ነው። ጢስ ዓባይም እዚሁ ጎረቤት ነው። ቤታችን ግን ሻማ አይጠፋም። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ከባትሪው ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) ትርፍ ዕቃ አይደለም፤ የኮምፒውተሩ ዋጋ አካል ነው። በጀታችሁን ስታወጡ አብራችሁ ቁጠሩት።

ስሌቱ ቀላል ነው። 650 ቪኤ የሚባለው ትንሹ ዩፒኤስ ውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ነው። በወረቀት 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በተግባር የምታገኙት ሲሶውን ያህል ቢሆን ነው። 50 ዋት የሚበላ ኦል ኢን ዋን ግማሽ ሰዓት ገደማ ያቆያል፤ ያውም ባትሪው አዲስ ከሆነ። የያዛችሁትን ሥራ ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ለመሥራት ግን አይሆንም። ባትሪው በሁለት፣ በሦስት ዓመት ይደክማል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል፤ የባሕር ዳርን የሚያዝያ ከሰዓት ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ኦል ኢን ዋን እውነተኛ ብልጫ አለው። ርካሹም ውዱም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት በታች ነው የሚጠቀመው። የድሮ ሲፒዩ ከሞኒተር ጋር ያንኑ ዩፒኤስ ቶሎ ይጨርሰዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ። ሲሞቅ ብዙ መቶ ዋት ይስባል፤ ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል? እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው። ርካሹም የቢሮውም ውስጣቸው የላፕቶፕ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። የላፕቶፕ ራም፣ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ፣ ርካሹ ላይ ደግሞ የላፕቶፕ ዓይነት ቻርጀር። ቀበሌ 14 ያለ ላፕቶፕ የሚጠግን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። አይማኩ ሌላ ዓለም ነው። ስክሪኑ በማጣበቂያ የታሸገ ነው። ለመክፈት ማጣበቂያውን መቁረጥ፣ ለመዝጋት አዲስ ማጣበቂያ መለጠፍ ያስፈልጋል። የአፕል የራሱ መደብር ደግሞ አገራችን ውስጥ የለም።

ነገ ማሳደግ ይቻላል? ዛሬ 8 ጂቢ የበቃው ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ 16 ይፈልግ ይሆናል። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነ አለቀ። የቢሮ ማሽኖቹ በአብዛኛው ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው። ርካሾቹ አንድ ወይም ሁለት አላቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ ግን የተበየደ ነው። ካርቶኑ ላይ ይህን አይጽፉትም፤ የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ ኢንተርኔት ላይ እዩ። አይማክ ላይ ራምም ኤስኤስዲም አይጨመርም። በገዛችሁት መጠን ዕድሜውን ይጨርሳል።

የምትሠሩበት ፕሮግራም። ፒችትሪ ላይ ሒሳብ የምትሠሩ ከሆነ ንጽጽሩ እዚህ ላይ አበቃ። ፒችትሪ የዊንዶውስ ነው። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም፣ የምህንድስናዎቹ ሬቪትም ኢታብስም እንደዚያው። የድሮው ባለ ኢንቴል አይማክ ዊንዶውስ ጎን ለጎን ይጭን ነበር። የአሁኑ ባለ ኤም ቺፕ ግን ያን አይፈቅድም። ዊንዶውስን እንደ ፕሮግራም ውስጡ የሚያስኬድ ሌላ ሶፍትዌር አለ፤ እሱም ይገዛል፣ ሁሉንም ነገር ያስኬዳል ብላችሁም አትተማመኑ። ደህና ገንዘብ አውጥቶ አይማክ ገዝቶ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ አጠገቡ አሮጌ ላፕቶፕ ይዛ ስትሠራ ያየሁበት ቢሮ አለ። አይማኩ ላይ እንደ ቡና ረከቦት ዳንቴል ተደርጎበት ነበር።

ስክሪን። ውዱ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው፤ ያውም በሰፊው። ርካሾቹ 1920 በ1080 ናቸው። ብሩህነታቸውም በብዛት 250 ኒት አካባቢ ነው። አይማኩ 4480 በ2520 ነው፣ 500 ኒት። ሐይቁ ፊት ለፊት የተቀመጠ ጠረጴዛ ላይ፣ ከውኃው የሚመለሰው ብርሃን ፊት፣ 250 ኒት ስክሪን ላይ የምታዩት የራሳችሁን ፊት ነው። ለደብዳቤ መጋረጃ መዝጋት ይበቃል። ለፎቶ ቀለም ግን መጋረጃ አይበቃም።

አዲሱ ርካሽ፦ ሁለት ቁጥር ብቻ እዩ

ካርቶኑ ላይ ብዙ ነገር ይለጠፋል። ሁለት ነገር ብቻ አንብቡ፤ ራሙንና የማከማቻውን ዓይነት። “4 ጂቢ ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ” የሚል ካያችሁ ዋጋው የተነገራችሁ አይደለም። ኤስኤስዲና ተጨማሪ ራም ጨምሩበት። ሃርድ ዲስክ ያለው ሴሌሮን ተነስቶ ለሥራ እስኪደርስ ቡና ይፈላል፤ አቦል ባይሆን እንኳ ጀበናው ይጣዳል። ያው ማሽን ኤስኤስዲ ሲገባለት ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ይነሳል። በእኔ ልምድ አሮጌም ይሁን ርካሽ ኮምፒውተር ላይ ለወጣ ገንዘብ ከዚህ የበለጠ የሚክስ የለም።

ባለ ሁለት ኮር (ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው) ሴሌሮን እየተሸጠ ነው፤ ተዉት። ኤን 100 የተሻለ ነው፤ አራት ኮር አለው፣ መብራትም አይበላም፣ ብዙም አይሞቅም። ለማይሞቅ ማሽን ፋኑ በዝግታ ይሽከረከራል፤ በዝግታ የሚሽከረከር ፋን ደግሞ ትንኝና አቧራ ያነሰ ይስባል።

የርካሹ ትልቁ ጥሩ ጎን ዋስትናው ነው ይባላል። እኔ ግን ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት እላለሁ፦ “ቢበላሽ የት ነው የሚሠራው?” መልሱ ብዙ ጊዜ “አዲስ አበባ እንልከዋለን” ነው። ማን ይከፍላል? ስንት ሳምንት? እስከዚያ በምን እሠራለሁ? ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው የሻጩ ፈገግታ ነው።

ሌላው ጥሩ ጎኑ ቻርጀሩ ነው። ከውጭ ነው። መብራት ሲመታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። ባለ 19 ቮልት ቻርጀር የትም ይገኛል፤ ጫፉና ዋቱ ይግጠም እንጂ። የኔ ዕድል ሆኖ ግን ቻርጀሩ ተርፎ ቦርዱ ሄደ።

ያገለገለው የቢሮ ማሽን፦ የእኔ ምርጫ፣ ከነአደጋው

ባለ 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ኮር አይ ፋይቭ የሚባለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር የያዘ የቢሮ ኦል ኢን ዋን ስድስት ኮር አለው። ከአዲሱ ሴሌሮን ጋር አንድ ላይ አይጠራም። ጀርባው ብዙ ጊዜ በብሎን ወይም በሚጫን ማያያዣ ይከፈታል፤ የባንክ ካርድ አያስፈልገውም። የተሠራው የድርጅት ጥገና ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ እንዲከፍተው ነዋ። መቆሚያው ከፍና ዝቅ የሚልባቸውም አሉ። አንዳንዶቹ ላይ ምስል የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ያ ማለት ቦርዱ ቢሞት ስክሪኑ እንደ ሞኒተር ያገለግላል። ካገኛችሁ ትንሽ ገንዘብ ጨምሩበት፤ እኔ ብሆን ያለ ክርክር ነው የምጨምረው።

ለምን 8ኛ ጀነሬሽን አልኩ? ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛ ጀምሮ ስለሆነ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽን በርካሽ እየተለቀቀ ያለው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። “ዊንዶውስ 11 ጭነንለታል” ቢሏችሁ በጓሮ በር የተጫነ ነው። ይሠራል፤ ግን የነገውን ማሻሻያ ማይክሮሶፍት ዋስ አይሆንላችሁም።

አደጋዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ ገጽ) ፓስዎርድ። የድሮው ድርጅት የቆለፈው ከሆነ ጠጋኝ ለጠጋኝ ትዞራላችሁ። ሁለተኛ፣ ስክሪኑ። ስምንት ሰዓት በቀን፣ አራት ዓመት የበራ ስክሪን ጠርዙ ይጠቁራል፣ ቢጫ ይመታዋል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ብዙዎቹ የኃይል ክፍላቸው ከውስጥ ነው፤ ከአንዳንድ ርካሽ ዩፒኤስ ጋርም አይስማሙም። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ጮኾ ቢቀበልም ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ከርካሽ ዩፒኤስ የሚወጣው ኃይል እንደ መብራት ኃይሉ የተስተካከለ ሞገድ ስላልሆነ ነው። ስለዚህ ዩፒኤሱንም ኮምፒውተሩንም አንድ ቦታ ግዙ፤ እዚያው ሰክታችሁ ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት ንቀሉ። ካልጠፋ ውሰዱት።

አይማኩ፦ ስክሪኑ እንጀራ ለሚያበላው

አይማኩን ማጣጣል አልችልም። ውፍረቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው። ፋኑ አይሰማም። መነሻው 16 ጂቢ ራም ነው። ለብዙ ዓመት ማሻሻያ ያገኛል። ሲሸጥም ዋጋው እንደ ሌሎቹ አይወድቅም። ከአሜሪካ ስለመጣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል የሚሉም አሉ። አይፈልግም፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል።

የሚያናድደው ቀዳዳው ነው። ጀርባው ላይ ያለው ትንሹ ዓይነት ዩኤስቢ ብቻ ነው፤ ከፍ ያለው ሞዴል አራት አለው፣ መነሻው ግን ሁለት ብቻ ስለሆነ ቆጥራችሁ ግዙ። ፍላሽ፣ የፕሪንተር ገመድ፣ የባርኮድ ማንበቢያ ሁሉ ማገናኛ ይፈልጋል። የካሜራ ካርድ ማስገቢያም የለውም። ፎቶ አንሺው ወዳጄ ይህን ስነግረው “ለፎቶ ሰው የተሠራ አላልክም እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ልክ ነው።

ማከማቻውም ይታሰብበት። መነሻው 256 ጂቢ ነው። አንድ የሠርግ ቀን፣ ከጣና ዳር ፎቶው እስከ ማታው ግብዣ፣ 3,000 ፎቶ ተነሳ እንበል። አንዱ ጥሬ ፋይል 25 ሜጋባይት ቢሆን 75 ጂቢ ነው። ሦስት ሠርግ፤ ሞላ። ጥር ላይ ሦስት ሠርግ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ስለዚህ የውጭ ኤስኤስዲ ግዴታ ነው። እሱንም ዋጋው ውስጥ ክተቱት።

ቻርጀሩም ከውጭ ነው፤ ግን የራሱ ዓይነት ነው። በማግኔት የሚጣበቅ ጫፍ አለው። ከተቃጠለ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ከጎረቤት ሱቅ አይገዛም። አይማክ ገዝቶ በተራ ዲቫይደር መሰካት ማለት ለኔ ቆርቆሮ ቤት ላይ የወርቅ ጉልላት እንደ መትከል ነው። ጥሩ ዩፒኤስ ይግባለት። ኮምፒውተሩ ሲሞት ስክሪኑም የሚቀበር መሆኑም አልቀረም። ምስል አያስገባም፤ ውዱም በዚህ ከርካሹ አይሻልም።

አንድ ወጥመድ አለ። “አይማክ በርካሽ” የሚል ማስታወቂያ ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ባለ ኢንቴል 21.5 ኢንች ነው። ከውጭ ያምራል። ውስጡ የሚዞር ሃርድ ዲስክ ያለባቸው አሉ። ራሙን ለመቀየር ስክሪኑ መነቀል አለበት፤ ወይም ጭራሹን የተበየደ ነው። አፕል ደግሞ ታሆ የተባለው የማክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለኢንቴል ማኮች የመጨረሻው መሆኑን ተናግሯል፤ አብዛኞቹ የድሮ አይማኮች ታሆን ራሱን አይቀበሉም። የውድ ስም ይዞ የርካሹን ያህል እንኳ የማይቆይ ዕቃ ነው። ለጌጥ ካልሆነ አልመክርም።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| መመዘኛ | አዲስ ርካሽ | ያገለገለ የቢሮ (8ኛ ጀነሬሽን) | አይማክ ኤም 4 |
|---|---|---|---|
| ዋጋ | ዝቅተኛ፤ ኤስኤስዲና ራም ሲጨመር ከፍ ይላል | ከአዲሱ ርካሽ ጋር ይቀራረባል | የሌሎቹ ሁለት፣ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ |
| ፍጥነት | ለቀላል ሥራ | ለቢሮና ለመካከለኛ ሥራ | ለከባድ የፎቶና ቪዲዮ ሥራ |
| ስክሪን | ይበቃል፤ ብርሃን ፊት ይደክማል | እንደ አያያዙ፤ አይቶ መግዛት | በጣም ጥሩ |
| ራምና ማከማቻ ማሳደግ | ብዙዎቹ ላይ ይቻላል | ይቻላል | አይቻልም |
| ጥገና ባሕር ዳር ላይ | ቀላል፤ ቦርድ ግን ውድ | ቀላል | አስቸጋሪ |
| ከርካሽ ዩፒኤስ ጋር | ይስማማል | መሞከር አለበት | መሞከር አለበት፤ የተሻለ ዩፒኤስ ይገባዋል |
| ፒችትሪ፣ ፓወር ግዕዝ | ይሠራል | ይሠራል | በቀጥታ አይሠራም |
| ዋስትና | አለ፤ ቦታውን ጠይቁ | የሱቁ ቃል ብቻ | እንደ አስመጪው |

ማን የቱን ይግዛ?

ለኮፒ ቤቷ ልጅ “እታለም፣ አንዱንም አትግዢ” ነው ያልኳት። ሰኔ ላይ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ሲሰለፍ አንድ ቀን መቆም ብዙ ያሳጣል። ለእሷ የሚሻለው ትንሿ ያገለገለች የቢሮ ሲፒዩና የተለየ ሞኒተር ነው። ሞኒተሩ ቢሞት ሞኒተር፣ ሲፒዩው ቢሞት ሲፒዩ ይቀየራል። ትንሿ ሲፒዩ ከሞኒተሩ ጀርባ ትታሰራለች፤ ቦታውም ያው ነው። ኦል ኢን ዋን ንጽጽር ላይ ይህን መጻፍ ያስቃል፤ ግን እውነቱ ይኼ ነው።

ለዘመዴ ማረፊያ ያገለገለ የቢሮ ኦል ኢን ዋን። እንግዳ የሚቀበልበት ጠረጴዛ ጠባብ ነው። ገመድ ሲንዛዛ አያምርም። የሚሠራው ምዝገባ፣ ኢሜይልና ደረሰኝ ነው። 8 ጂቢ ራምና 256 ጂቢ ኤስኤስዲ ይበቃዋል። በጀቱ ቢጠብ ኤን 100 ያለው አዲስም ያስኬደዋል። ሐይቁ ዳር ስለሆነ ግን ሲመሽ ስክሪኑን ያጥፋ፣ በየስድስት ወሩም ያስጠርገው።

ፎቶ አንሺው አይማኩን ይግዛ። ቀለሙን የሚከፍለው ደንበኛ ያየዋል፤ ገንዘቡን በሠርግ ወቅት ይመልሰዋል። ገንዘቡ ካልሞላለት ግን የድሮውን ኢንቴል አይማክ ሳይሆን በ2013 የወጣውን ባለ ኤም 1 ያገለገለ ይፈልግ። ያም ካልሆነ ጥሩ ላፕቶፕና ጥሩ ሞኒተር።

የምህንድስና ቢሮ ከሆናችሁ ሦስቱም አይሆኑም። ሬቪት የሚፈልገው ትልቅ ሲፒዩ ነው። ለቤትና ለልጆች ትምህርት አዲሱ ርካሽ ወይም ያገለገለው ይበቃል። ብቻ ሰፈራችሁ መብራት በቀን ሦስት፣ አራት ሰዓት የሚጠፋበት ከሆነ፣ ዓባይ ማዶም ሁኑ ቀበሌ 14፣ ላፕቶፕ ግዙ። ለዩፒኤስ የምታወጡት ገንዘብ ልዩነቱን ይሸፍነዋል።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ

አትቸኩሉ። ያገለገለ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይብራ። ነጭ ገጽ ክፈቱና ጠርዞቹን እዩ፤ ጥቁር ገጽ ክፈቱና የሚያበሩ ነጥቦችን ፈልጉ። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ራሙንና ፕሮሰሰሩን ራሳችሁ አንብቡ፤ የሻጩን ስቲከር አትመኑ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ትንሽ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይናገራል። ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሡና ባዮስ ውስጥ ግቡ፤ ፓስዎርድ ከጠየቀ ወደሚቀጥለው ሱቅ። ያገለገለ አይማክ ከሆነ ሻጩ እፊታችሁ ውስጡ ያለውን ሁሉ ይደምስሰውና እንደ አዲስ ያስጀምረው። የሌላ ሰው አካውንት ከጠየቀ የተቆለፈ ነው። “በኋላ እናስከፍተዋለን” የሚለውን አትስሙ።

ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩን፣ እያንዳንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክሩ። ፋኑ ላይ ጆሯችሁን አድርጉ፤ የሚያፏጭ ከሆነ አቧራ ጠጥቷል። ደረሰኝ ላይ የሞዴሉና የሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍ።

ቤት ስትደርሱ መብራት ከሄደ ገመዱን ንቀሉ። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። ሲያጉረመርም የኢንተርኔት ገመዱንም ንቀሉ፤ መብረቅ በዚያም ይገባል። እኔ ያኔ የኃይሉን ብቻ ነበር የማስበው።

ባጃጅ ውስጥ ስታስገቡት ደግሞ አታጋድሙት። እንደቆመ፣ ስክሪኑን ወደ መቀመጫው አዙራችሁ፣ በሁለት እጅ ያዙት። ጋቢውን አትርሱ።